«ሲስተም የለም» ለሚሉን



ከሚኤሶ እስከ ሂርና፣ ከጭሮ እስከ በዴሳና ገለምሶ ባሉት ከተሞቻችን በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ተሰልፎ የሚውለው ሕዝብ በቃሉ ያጠናት አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር አለች። ሽማግሌው ከገጠር በእግሩ ተጉዞ ሲደርስ፣ እናቲቱ ልጇን አዝላ ከመስኮቱ ሥር ስትቆም፣ ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ ሲመጣ፣ ከመስኮቱ ወዲያ ያለው ወጣት ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ ይህችኑ ዓረፍተ ነገር ይወረውርላቸዋል፦ «ሲስተም የለም!»

መብራት አለ፤ ኮምፒውተሩ በርቷል፤ ወጣቱም ደመወዙን በወሩ መጨረሻ ይቀበላል። ታዲያ የሌለው ምንድር ነው? መስመር የሚቋረጥበት ቀን እንዳለ አልክድም። ነገር ግን መስመሩ በተመለሰ ማግስትም ጉዳዩ የማይገኝበት፣ ፋይሉ የማይታይበት፣ ጠያቂው በገዛ ስሙ የማይታወቅበት ቀን ይበዛል። ስለዚህ የጠፋው ሽቦው ብቻ አይደለም። የጠፋው ዕውቀትን የመያዝ፣ የማደራጀትና ለተተኪ የማስረከብ ሥርዓት ነው። ይህም ከውጭ አገር በመርከብ ተጭኖ የሚመጣ ዕቃ ሳይሆን በትምህርት የሚገኝ ሙያ ነው።

ይህን የምጽፈው ከሩቅ ሰምቼ አይደለም። አጎቴ ቡናና ማሽላ የሚያመርቱ ገበሬ ናቸው። ከጎረቤታቸው ጋር በድንበር ተጣልተው ተካሰሱ። ማስረጃቸው በ1970 ዓ.ም. የገበሬ ማኅበሩ ፍርድ ሸንጎ ወስኖ ለአባታቸው የሰጠው ወረቀት ሲሆን፣ አንዱ ቅጂ ስሙን ከማልጠራው መሥሪያ ቤት ይገኛል። «አንተ የተማርክ ነህ» ብለው እኔን አስከትለው ሄዱ። በመጀመሪያው ቀን «ሲስተም የለም፤ አባባ፣ ነገ ይመለሱ» ተባልን። በሁለተኛው ቀን ሲስተሙን የሚያውቀው ባለሙያ ለሥልጠና ሄዷል ተባልን። በሦስተኛው ቀን ባለሙያው ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውሯል፤ የይለፍ ቃሉንም ከእርሱ በቀር የሚያውቅ የለም ተባልን።

በብዙ ስልክና በብዙ ልመና ኮምፒውተሩ ተከፈተ። የአያቴ ስም በሌላ አጻጻፍ ተመዝግቦ ተገኘ፤ ከጎኑም «1970» የሚል ቁጥር ብቻ ተጽፏል። በየትኛው አቆጣጠር እንደ ሆነ መዝገቡ አይናገርም። በዚያ ቅጽ ላይ ያሉት ሌሎች ቀኖች በአውሮፓ አቆጣጠር ስለ ነበሩ፣ ተከራካሪያችን ይህችን ክፍተት አገኘና እንዲህ አለ፦ «1970 በፈረንጅ ማለት በእኛ 1962 ነው። መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ የወጣው በየካቲት 1967 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ከአዋጁ በፊት የተጻፈ ነውና ዋጋ የለውም።» ሠራተኛውም ኮምፒውተሩን አምኖ ራሱን ነቀነቀ። በ1962 ዓ.ም. የገበሬ ማኅበር የሚባል ነገር በአገሩ ላይ እንዳልነበረ ያሰበ አንድም ሰው አልተገኘም!

በመጨረሻ አንድ ጡረተኛ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ተለምነው መጡ። ከዕቃ ማከማቻው ክፍል ገብተው ከጆንያዎቹ መካከል ወረቀቱን በሩብ ሰዓት አወጡት። እንዴት አወቁ? ፋይሉ በዛሬው የወረዳ ስም ሳይሆን በድሮው አውራጃ ስም መታሰሩን፣ የድንበር ውሳኔ ከግብር ወረቀት ተለይቶ በየትኛው ቀለም ክር እንደሚታሰር፣ ክፍሉ ሲዛወር የትኛው ጆንያ ከየትኛው በታች እንደ ገባ ያስታውሳሉ። «ልጄ፣ እኔ ስሞት ይህ ክፍል ይሞታል» አሉኝ። ወረቀቱ ግን የተገኘው ዘግይቶ ነው። ነገሩ በሽማግሌ ተጨርሶ አጎቴ ከማሳቸው ከፊሉን ለቅቀዋል።

ወገኖቼ ሆይ! በዚህ ታሪክ ውስጥ ሌባ የለም፤ ጉቦ የተቀበለም የለም። ኮምፒውተሩን ያዘጋጀው ባለሙያም ሰነፍ አልነበረም። የተማረውን ኮድ አሳምሮ ጽፏል። ነገር ግን ከቀን ጎን አቆጣጠሩን ማስፈር እንዳለበት፣ የአንድ ሰው ስም በአምስት ዓይነት ሊጻፍ እንደሚችል፣ ሲዛወር ሥራውን በጽሑፍ ማስረከብ እንዳለበት የነገረው መምህር አላገኘም። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ብለዋል። እኛ በዘመናችን ሦስተኛ ነገር ጨመርንበት፤ በጽሑፍ ያለውም አያያዙን የሚያውቅ ካልተገኘ እንደ ቃል ይረሳል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድና ግልጽ ነው። ለቴክኖሎጂ ባለሙያዎች በዕውቀትና በኢንፎርሜሽን አያያዝ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ሊሰጥ ይገባል፤ የሚሰጠውም እዚሁ በምዕራብ ሐረርጌ፣ በሥራ ላይ ላሉት ሰዎች መሆን አለበት። ይህን ሐሳብ በመኝታ ቤት፣ በምግብ አዳራሽና በመምህራን ቢሮ ባነሣሁ ቁጥር አራት ዓይነት ተቃውሞ ይገጥመኛል። አራቱንም በየተራ እመልሳለሁ።

የመጀመሪያው «ይህ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሥራ ነው፤ ለኮምፒውተር ሰው ምኑ ነው?» የሚል ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች የምንኖርባትን ከተማ ስም እንኳ በቅጡ አልመረመሩም። ከተማችን ለብዙ ዘመን አሰበ ተፈሪ ስትባል ኖራ ዛሬ ጭሮ ናት። አገሩ በሐረርጌ ጠቅላይ ግዛት የጨርጨር፣ አዳልና ጋራ ጉራቻ አውራጃ ይባል ነበር፤ ዛሬ በኦሮሚያ ክልል የምዕራብ ሐረርጌ ዞን ነው። ከ1984 ዓ.ም. በፊት የተጻፈው የመንግሥት ወረቀት በአማርኛ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ ነው። በየቤቱና በየመስጊዱም በዓረብኛ ፊደል የተጻፉ ወረቀቶች አሉ። ቁቤ የተማረ ልጅ የከተማችንን የመጀመሪያ ፊደል «ጭ» ብሎ ሲያነባት፣ እንግሊዝኛ ብቻ የለመደ ሰው «ሲሮ» ይላታል። ኮምፒውተሩስ? ኮምፒውተሩ አሰበ ተፈሪና ጭሮ አንድ ከተማ መሆናቸውን ካልነገሩት ሁለት ከተማ አድርጎ ይይዛቸዋል፤ ከሁለቱ አንዱን የጠየቀም የሌላውን ፋይል አያገኝም።

ይህን ስል አንዱን ቋንቋ በሌላው ለማስነቀፍ አይደለም። ሁለቱም የእኛ ናቸው፤ ሕዝቡ በገዛ ቋንቋው መጻፉም ተገቢ ነው። የምለው በሁለት ፊደልና በሁለት አቆጣጠር የተከፈለውን መዝገብ የሚያገናኝ ድልድይ ሠሪ ያስፈልገናል ነው። ያ ሰው ደግሞ ፕሮግራም መጻፍ ብቻ ቢያውቅ፣ ወይም መደርደሪያ ማስተካከል ብቻ ቢያውቅ አይበቃውም። ሁለቱንም ማወቅ አለበት።

ሌላም ማስረጃ ልጨምር። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት መሥሪያ ቤቶች እርስ በርስ በማይግባቡ የጽሕፈት ፕሮግራሞች ሲጽፉ ኖረዋል። ዛሬ ያን ዘመን የሚያስታውስ ዲስክ ሲከፈት የሚታየው ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ነው። በ1970 ዓ.ም. በብዕር የተጻፈው የአጎቴ ወረቀት ይነበባል፤ ከእርሱ ሃያ ዓመት ያህል በኋላ በኮምፒውተር የተጻፈው ግን አይነበብም! እንግዲህ «ዘመናዊ ሆነናል» የሚል ሰው በየትኛው ሚዛን መዝኖ እንደ ሆነ ይንገረን።

ሁለተኛው ተቃውሞ «መማር የፈለገ አዲስ አበባ ይሂድ» የሚል ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1990 በካናዳው ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከልና በዩኔስኮ ርዳታ የአፍሪካ የኢንፎርሜሽን ጥናት ትምህርት ቤት ተከፍቶ፣ ከአገራችን አልፎ ለሌሎች የአፍሪካ አገሮች ተማሪዎች ጭምር የማስተርስ ትምህርት ሰጥቷል። ይህ የሚያኮራ ሥራ ነው፤ የዘረጋው መንገድም ለእኛ መነሻ ይሁነን። ነገር ግን ከጭሮ እስከ አዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በመቻራ ወይም በገለምሶ ብቻውን የወረዳውን ኮምፒውተር የሚጠብቅ ባለሙያ ሁለት ዓመት ቢለይ ሥራውን ማን ይሠራለታል? ትምህርቱን ጨርሶስ ይመለሳል ወይ? እውነቱን እንነጋገርና አብዛኛው አይመለስም። ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል እንደሚባለው፣ ዲግሪያችንን ይዘን ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት ስንዞር እንኖራለን።

ከዚህም በላይ የትምህርቱ መጽሐፍ ያለው እዚህ ነው። ጨርጨር ለጽሑፍ ሥርዓት እንግዳ አገር አይደለም። በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከዚያ በፊት የጨርጨር ገዥ ሆነው አገሩን ለሌላው ምሳሌ የሚሆን ግዛት ለማድረግ የሞከሩ ሰው ናቸው። ከእርሳቸው ዘመን እጅግ ቀድሞም የኢቱና የሁምበና ኦሮሞ በኦዳ ቡልቱም ጥላ ሥር እየተሰበሰበ ሕጉን ይመክርና ይደነግግ ነበር፤ ያንንም ሕግ አዋቂዎቹ በቃል ይዘው ለልጅ ልጅ አስተላልፈዋል። የገዳ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ሁላችንም ጨፍረናል። ዩኒቨርሲቲ የተሰየመለት ይህ የዋርካ ጥላ ስንት ሕግና ስንት ውሳኔ እንደ ሰማ ከአዋቂዎቹ አፍ ተቀብሎ በሥርዓት የሚያኖር ስንት ባለሙያ አሠልጥነናል? ስሙን ከበራችን ላይ ጽፈን ዕውቀቱን ከበር ውጭ ብንተወው ምን ይባላል?

ሦስተኛው ተቃውሞ የዘመኑ ፋሽን ነው። «አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ መጥቷል፤ ሁሉን እርሱ ይፈታዋል» ይላሉ። ይህን የሚሉት ጓደኞቼ ብልሆች ስለ ሆኑ በጥንቃቄ እመልስላቸዋለሁ። ማሽን የሚማረው ከተጻፈውና ከተሰበሰበው ነው። በጆንያ ውስጥ አይጥ ከሚበላው ወረቀት አይማርም። በጡረተኛው አባት ራስ ውስጥ ካለው የክር ቀለምም አይማርም። «1970» ብሎ ያለ አቆጣጠር የተመዘገበውን ቁጥር ማሽን ቢያገኘው ስሕተቱን በፍጥነትና በልበ ሙሉነት ያባዛዋል እንጂ አያርመውም። የዕውቀት ሥርዓት የሌለው አገር አዲስ ማሽን ሲገዛ ድንቁርናውን ፈጣን ያደርገዋል።

ስለዚህ ጉዳይ የጻፉ ምሁራን እኛ ዛሬ የምንቸገርበትን ነገር ቀደም ብለው ለይተውታል። ማይክል ፖላኒ ሰው በቃል ሊገልጸው የማይችለው፣ በልምድ የያዘው ዕውቀት እንዳለ አሳየ። ጃፓናውያኑ ኖናካና ታኬውቺ እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጡት መጽሐፍ ይህ በልምድ የተያዘ ዕውቀት እንዴት ወደ ጽሑፍ፣ ከጽሑፍም ተመልሶ ወደ ሌላ ሰው ልምድ እንደሚሸጋገር አስረዱ። የጃፓን ፋብሪካ ይህን ከሽማግሌ ሠራተኞቹ ሲማር፣ እኛ ሽማግሌ ሠራተኛችንን በአንድ የምስክር ወረቀት አሰናብተን በማግስቱ «ሲስተም የለም» እንላለን።

አራተኛው ተቃውሞ «ይህ ሁሉ ቅንጦት ነው፤ ገበሬው የሚበላው ይቅደም» የሚል ነው። ከአራቱ ይህን አከብረዋለሁ፤ ከቅን ልብ የሚወጣ ነውና። ነገር ግን ገበሬው የሚበላውን ነገር እንመልከት። የሐረርጌ ቡና በፀሐይ ደርቆ የሚዘጋጅና በዓለም ገበያ በስሙ የሚታወቅ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው የደን ጭፍጨፋን በሚከለክል ሕግ፣ ወደዚያ የሚገባ ቡና የበቀለበት ማሳ በምድር ላይ ያለበት ቦታ በመረጃ እንዲገለጽና መሬቱ እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ በኋላ ደን ተመንጥሮ የተገኘ እንዳልሆነ እንዲረጋገጥ ይጠይቃል። የሕጉ መጀመሪያ ቀን ደጋግሞ ቢራዘምም ጥያቄው አልተነሣም። ልብ በሉ! ገዢው የሚጠይቀው ቡናውን ብቻ ሳይሆን የቡናውን መረጃ ነው። በሀብሮ ወይም በዳሮ ለቡ ያለ ገበሬ ቡናው ምንም ያህል ቢጥም፣ የማሳው መረጃ ከተዝረከረከ ወይም በአንድ ነጋዴ ስልክ ውስጥ ብቻ ከቀረ ዋጋውን የሚወስንለት ሌላ ሰው ነው። እንግዲህ የመረጃ አያያዝ ለገበሬው ቅንጦት ነው ወይስ እንጀራ?

ማሽላውም እንዲሁ ነው። የሐረርጌ ገበሬ ሙይራ፣ ፈንዲሻ፣ ወገሬ እያለ ዘሩን በስም ይለያል። የትኛው ቶሎ እንደሚደርስ፣ የትኛው ድርቅ እንደሚችል፣ የትኛው አገዳው ለከብት እንደሚጥም ያውቃል። አዲስ አበባ ያለው የዘር ባንክ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ዘር ሲሰበስብ ኖሯል፤ መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን ዘሩ በቁጥር ታሽጎ ሲቀመጥ የገበሬዋ ዕውቀት አብሮ ካልተመዘገበ፣ ዕቃውን ጠብቀን ትርጉሙን ጣልን ማለት ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ፤ ሌላውን ነቅፎ ራስን መሸሸግ ወንድነት አይደለምና። እኛ ተማሪዎች በየዓመቱ መጠይቅ ይዘን ወደ ገጠር እንወርዳለን። ገበሬውን ከሥራው አስፈትተን እንጠይቀዋለን፤ ማሳውን እንለካለን፤ ሴቶቹን ስለ ልጆቻቸው እንጠይቃለን። ከዚያ የመመረቂያ ጽሑፋችንን በጠንካራ ሽፋን አስጠርዘን፣ ውጤታችንን ተቀብለን እንሄዳለን። ጽሑፉ በመደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል፤ የተሰበሰበው መረጃ በአንድ ፍላሽ ውስጥ ይጠፋል፤ ለገበሬው የተመለሰለት አንዲት ገጽ የለም። በሦስተኛው ዓመት ሌላ ተማሪ ያንኑ ጥያቄ ይዞ ወደዚያው ገበሬ ይሄዳል። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2019 በከፍተኛ ትምህርት ተቋማት በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ጥናት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን የሚያዝ ፖሊሲ ወጥቷል። ፖሊሲው ራሱ በመደርደሪያ ላይ እንዳይቀር የሚጠብቀው ማን ነው? መምህራኖቻችንንም በአክብሮት እጠይቃለሁ፤ ለዕድገት ማዕረግ ከሚቆጠረው ጽሑፍዎ ውስጥ ስንቱ ወደ ጭሮ ሕዝብ ተመለሰ?

እንግዲህ እንዲህ ያለ ትምህርት ሲቋቋም የደመወዝ መወጣጫ መሰላል ብቻ ሆኖ እንዳይቀር የሚከተሉትን አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ ተማሪዎቹ በአብዛኛው በየወረዳውና በየከተማው መሥሪያ ቤት፣ በሆስፒታሉ፣ በማኅበራቱና በትምህርት ቤቱ በሥራ ላይ ያሉ የአይሲቲ ባለሙያዎች ይሁኑ። ትምህርቱ በቅዳሜና እሑድ፣ በክረምትም ይሰጥ፤ የሂርናው ከሂርና፣ የሚኤሶው ከሚኤሶ መጥቶ ሰኞ ወደ ሥራው ይመለስ።

ሁለተኛ፣ የኮድ ትምህርት የመዝገብ አያያዝን፣ የስምና የቦታ አጠራርን አንድ ማድረግን፣ የአቆጣጠር ልውውጥን፣ የድሮ ፋይልን ማዳንንና የሥራ ርክክብን ይጨምር። አማርኛና አፋን ኦሮሞ በሁለቱም ፊደል ማንበብ ግዴታ ይሁን፤ ዓረብኛ ፊደል ለሚያነብም ቦታ ይሰጠው።

ሦስተኛ፣ ትምህርቱ ስለ ምሥጢር ጠባቂነትም ያስተምር። አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ እንዲጠበቅ ያዛል። መረጃ መሰብሰብ የሚያውቅ፣ ማን ማየት እንደሌለበት ግን የማያውቅ ባለሙያ ከጆንያው የባሰ አደገኛ ነው። ጆንያው ቢያንስ የሕመምተኛን ወረቀት ለጎረቤት አይልክም።

አራተኛ፣ የመመረቂያ ሥራ መጠይቅ ከመበተን ይልቅ የሚነካና የሚቆይ ሥራ ይሁን። አንድ ተማሪ የአንድን መሥሪያ ቤት ማከማቻ አደራጅቶ፣ ዝርዝሩን ጽፎ፣ ጡረተኞቹን ጠይቆ የሚያውቁትን መዝግቦ፣ ለተተኪው አስረክቦ ይመረቅ። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዚያ ዘመን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲ አገልግሎት አንድ ዓመት በየክፍለ ሀገሩ እየተላኩ አስተምረዋል። እነርሱ አንድ ዓመት ከሰጡ እኛ አንድ መንፈቅ እንዴት እናጣለን?

አምስተኛ፣ የጥናቱ ፍሬ ነገር በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ በአጭሩ ተጽፎ ለተጠየቀው ሕዝብ ይመለስ።

ገንዘብ የለም የሚለኝ ይኖራል። ለአዳዲስ ኮምፒውተሮች መግዣ ግን ገንዘብ ሲገኝ አይተናል፤ የተገዙትም በዓመታቸው አቧራ ለብሰው በማእዘን ሲከመሩ አይተናል። ከዚያ ዋጋ ጥቂቱ ለሰው ትምህርት ቢውል ዕቃውም ባልተበላሸ ነበር።

አጎቴ የለቀቁት መሬት አይመለስም። በዚያ ማሳ ላይ ዘንድሮ ሌላ ሰው ማሽላ ዘርቶበታል። ጡረተኛው አባት ግን ገና በሕይወት አሉ፤ ወረቀት ይዞ ሄዶ የሚጠይቃቸው ሰው ነው የጠፋው። እኔ በበኩሌ በዚህ ክረምት ደብተሬን ይዤ እሄዳለሁ። አብሮኝ የሚሄድ ካለ፣ ተማሪም ይሁን መምህር፣ ስሙን በተማሪዎች ማኅበር ጽሕፈት ቤት ያስመዝግብ፤ ስሙን ሲጽፍ በሁለቱም ፊደል፣ ቀኑንም ከነአቆጣጠሩ ይጻፍ።

ከአንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ